ስድስት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ

ኮምቦልቻ ውስጥ «መብራት ጠፋ» ሲባል ሰምተው የማያውቁ ሰዎች አድገው፣ ተድረው፣ ልጅ ወልደዋል። በ2092 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከተማዋ ሙሉ በሙሉ ከጨለመች ሠላሳ አንድ ዓመት አልፏት ነበር። አሁን መብራት አይጠፋም፤ ተራ ነው የሚደርሰው። ተራ የደረሰው ቀጠና ለአርባ ደቂቃ ያህል ከመረቡ ይነጠላል፤ በእሱ መነጠል የቀረው ከተማ ይተርፋል። ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ግማሽ ራስ ላጭቶ ማሽኑን ያስቀምጥና ወሬውን ይቀጥላል። ሊፍት የሚጠብቅ ሰው ከበሩ በላይ ያለችውን፣ መረቡ ሲቸገር የምትበራውን ቢጫ መብራት ሳያይ አይገባም። ልጆች አፍ ሲፈቱ ከሚለምዷቸው ቃላት አንዱ «ተራ» ነው።

ይህ ሁሉ የመጣው ከትልቁ ጨለማ በኋላ ነው። በ2061 አንድ ማከፋፈያ ጣቢያ ተቃጠለ፤ እሱ ሌላውን፣ ሌላውም ሌላውን እየጎተተ አገሩ አሥራ አንድ ቀን ጨለማ ውስጥ ተቀመጠ። በእነዚያ ቀናት ስለሞቱት ሰዎች፣ ያኔ የነበሩ ሰዎች ዛሬም የሚያወሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። አዲሱ መረብ የተሠራው ያ ዳግም እንዳይመጣ ነው። የየቤቱ የግድግዳ ባትሪ፣ መንገድ ዳር የቆመው መኪና፣ የአፋር ሜዳ የፀሐይ ማሳ፣ ግድቦቹ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተገመደ። አንዱ ጋ ችግር ሲፈጠር ሥርዓቱ በሰከንድ ውስጥ የሚቆረጠውን ቀጠና መርጦ ይቆርጣል። ሰው አይጠየቅም።

ሰው የሚጠየቀው ስለ ማኅተም ብቻ ነው። የዘምዘም ይማም ሥራም እሱ ነበር።

ቀይ ማኅተም ማለት መዳፍ የምታህል ቆርቆሮ ናት፤ በማሽን የሚኖር ሕመምተኛ ያለበት ቤት በር ላይ ትለጠፋለች። ቀጠናው ሲቆረጥ ማኅተም ያለባቸው ቤቶች ከመጠባበቂያው በተዘረጋ ቀጭን መስመር መብራት ያገኛሉ። ያ መስመር በአንድ ቀጠና ከዘጠኝ ቤት በላይ አይሸከምም። አሥረኛ ሰው ሲታመም ከዘጠኙ አንዱ መውረድ አለበት። ማን እንደሚወርድ ሥርዓቱ ከሐኪም ቤት የሚመጣለትን የሕመም ውጤት አይቶ ይወስናል። ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚነግረው፣ ቆርቆሮዋን የሚነቅለውና የሚያስፈርመው ግን ሰው እንዲሆን ሕጉ ያዝዛል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ከሰው አፍ መሰማት አለበት ብለው ነበር።

ዘምዘም አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ ሁለቱን በዚህ ሥራ አሳልፋለች። ቦርሳዋ ውስጥ መፍቻ፣ የፊርማ ሰሌዳና ለእንባ የሚሆን መሐረብ አይጠፋም። በር ላይ ቆማ የምትናገረው በጽሑፍ የተሰጣት ነው፤ ብዙ አይደለም፣ በቃሏ ታውቀዋለች። ከሁሉም አጥብቃ እንድትናገር የታዘዘችው ይህን ነው፦ ማኅተም የተነሳበት ቤት የግድግዳ ባትሪ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ማንኛውም ቤት ባትሪ ነው፤ መረቡ ሲቸግረው ያለውን ሁሉ ይወስድበታል፤ ስለዚህ ባትሪውን አትመኑ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመዝገቡና የኦክስጅን ሲሊንደር ውሰዱ። ማኅተም ባለበት ቤት ባትሪው አይነካም፤ ለዚህ ነው ሰዎች የሚሳሳቱት። ይህን ነገር ሺህ ጊዜ ሳትናገረው አልቀረችም።

ግንቦት ስድስት ቀን ጠዋት በሰሌዳዋ ላይ የመጣላት ስም ኪሩቤል አስፋው የሚል ነበር። ቀጠና አሥራ አራት፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሰባ አንድ ዓመት፣ የሳንባ ጠባሳ። ያለፈው ወር ውጤቱ ትንሽ ተሻሽሏል። ከሥሩ በቦታው የሚገባው አዲስ ሰው ተጽፏል፦ የሀያት ልጅ፣ በሰባት ወር የተወለደች፣ እቤት በሙቀት ሣጥን ውስጥ ያለች፣ ዕድሜ ስምንት ቀን።

ዘምዘም በደረጃው ወጣች። በሩን ሦስት ጊዜ አንኳኳች። ከውስጥ የማሽኑ ትንፋሽ ይሰማል፤ ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ፣ ለቀቅ።

በሩን የከፈቱት የሽማግሌው ባለቤት እትዬ ሶልያና ነበሩ። የስድሳ ስድስት ዓመት ሴት ናቸው፤ ፊታቸው ገና በሩ ላይ ተለወጠ።

«ለማደስ ነው የመጣሽው፣ አይደል ልጄ?»

«ልግባ እትዬ?» አለች ዘምዘም።

ጋሼ ኪሩቤል መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የማሽኑ ቀጭን ቱቦ በጆሯቸው ዞሮ አፍንጫቸው ላይ ያርፋል። ትከሻቸው የሠራተኛ ትከሻ ነው፤ ከደረታቸው ይልቅ እሱ ነው ያልከዳቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በመስመር ሠራተኝነት ነው። በትልቁ ጨለማ ጊዜ አርባ ዓመታቸው ነበር፤ በሐርቡ በኩል የወደቁትን ምሰሶዎች ካቆሙት ሰዎች አንዱ ናቸው። በዚያን ጊዜ የዋጡት የተቃጠለው ጣቢያ ጭስ ነው በኋላ ሳንባቸውን የበላው።

ዘምዘም መናገር ስትጀምር በእጃቸው አስቆሟት።

«ማን ገባ በእኔ ቦታ?»

«ይህን መናገር አይፈቀድልኝም ጋሼ።»

«ሕፃን ነው ወይስ አዋቂ?»

ዝም አለች። ዝምታዋ እንደነገራቸው ገባት።

እትዬ ሶልያና ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። «የእኔ እመቤት፣ ሌሊት ሌሊት ሲያፍነው አይተሽው አታውቂም። ወረቀቱ ተሻለው ይላል፤ እኔ አብሬው የምተኛው ግን አልተሻለውም እልሻለሁ። ማንን ነው የምለምነው? ንገሪኝና እግሩ ላይ ልውደቅ።»

«የሚለመን ሰው የለም እትዬ» አለች ዘምዘም። እውነቷን ነበር።

«ተይ ሶል» አሉ ጋሼ ኪሩቤል። ከዚያ እንደ አስተማሪ ወደ ዘምዘም ዞሩ። «ይህን መረብ እኮ እኛ ነን የሠራነው። ድሮ አንድ ዛፍ መስመር ላይ ሲወድቅ ግማሽ አገር ይጨልም ነበር። አሁን እንደ እንሽላሊት ሆኗል፤ ጅራቱን ይጥልና ነፍሱን ያተርፋል። እኛ ስንሠራው ማን ጅራት ይሆናል ብለን አላሰብንም እንጂ ሥራው ጥሩ ሥራ ነው።» ትንፋሻቸው አጠረና ቱቦውን አስተካከሉ። «ደግሞ ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው? የግድግዳው ባትሪ ስድስት ሰዓት ይይዘኛል። ተራ አርባ ደቂቃ ነው። አብሽሪ፤ አንቺም አታልቅሺ ሶል፤ ስድስት ሰዓት ይይዘኛል እያልኩሽ!»

እትዬ ሶልያና ቀና አሉ። «እውነትህን ነው? ይይዝሃል?»

«እኔ ስለ ባትሪ አላውቅም?»

ሴትየዋ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ላላ አለ። ቤቱ ውስጥ የነበረው አየርም የላላ መሰለ። ሽማግሌው ለዘምዘም ፈገግ አሉላት፤ ማኅተማቸውን ሊነቅል የመጣውን ሰው ነበር የሚያጽናኑት።

መናገር የነበረባት ያን ጊዜ ነው። ቃሉ አፏ ላይ ነበር። ግን ከተናገረችው ሴትየዋ እንደገና ወለሉ ላይ ይወድቃሉ፤ ሽማግሌው ባለቤታቸው ፊት የማያውቁ ሆነው ይቀራሉ። በዚያ ቀን ገና አራት ቤት ይቀራታል። ስወጣ በሩ ላይ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ ብላ አሰበች። ሰሌዳውን አቀረበች፤ ሁለቱም «የተነገረኝን ሁሉ ተረድቻለሁ» ከሚለው ሥር ፈረሙ። በሩ ላይ ቆርቆሮዋን ስትፈታ አንደኛዋ ብሎን ዝጋ እምቢ አለቻት። ጋሼ ኪሩቤል ከውስጥ ሆነው «ወደ ግራ መታ አድርጊያት» እያሉ መሯት። ተነቀለች። እትዬ ሶልያና እስከ ደረጃው ሸኟት፤ ትከሻዋንም ዳበሱላት። ዘምዘም ወረደች።

መንገድ ላይ ትዝ አላት። ነገ እደውላለሁ አለች። በማግስቱ ሌላ ቀጠና ሌላ ሰው ሞቶ ማኅተም ለማንሳት ሄደች፤ ከዚያ ቅዳሜና እሑድ መጣ፤ ከዚያ ነገሩ ከሌሎች ነገሮች በታች ገባ።

ግንቦት አሥራ ዘጠኝ ቀን በአፋር ሜዳ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የአቧራ ማዕበል ተነሳ። የፀሐይ ማሳዎቹ ተሸፈኑ። ግድቦቹ ክረምት ሳይገባ የመጨረሻ ዝቅታቸው ላይ ነበሩ፤ ቀኑም ሞቃት ነበርና በየቤቱ ማራገቢያ ይሽከረከራል። መረቡ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ በጸጥታ ከየግድግዳው ባትሪ መውሰድ ጀመረ። ይህን ማንም አያየውም፤ ባትሪው ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ወደ ብርቱካንማ ትለወጣለች፣ በቃ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ባትሪዎቹ ሲያልቁ መቁረጥ ተጀመረ።

ዘምዘም ያን ጊዜ ከቦርከና ማዶ አንዲት የኩላሊት ሕመምተኛ ቤት ሻይ ቀርቦላት ነበር። ሰሌዳዋ ተንቀጠቀጠ። ቀጠና አሥራ አራት፣ ተራ ደረሰ። በየቀኑ የሚመጣ መልእክት ነው፤ አይታው ልታልፍ ነበር። ከዚያ ሰውነቷ ከሐሳቧ ቀድሞ ተነሳ። ብርጭቆው ተገለበጠ።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት ሕመምተኛዋ።

«የረሳሁት ሰው አለ» ብላ ወጣች።

ባጃጅ ይዛ በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደች። የመጋዘኑ ጠባቂ መዝገቡን አየ። «ኪሩቤል አስፋው የሚባል የለም። አልተመዘገበም።» አለመመዝገቡን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። «በእኔ ስም ስጠኝ» አለችው። የሰውየውን ትከሻ ይዛ ሳትነቀንቀው አልቀረችም። ሲሊንደሩን ታቅፋ ወጣች። ወደ ጋሼ ኪሩቤል ቤት እየደወለች ነበር፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። አርባ ደቂቃው አለፈ። ሰሌዳዋ ላይ «ተራው ተራዝሟል» የሚል ጽሑፍ መጣ። የቀረው ከተማ ሱቅ ሁሉ ክፍት ነበር፤ ሙዚቃ ይሰማል፤ ሰው በረዶ የገባበት ጭማቂ ይጠጣል።

ቀጠና አሥራ አራት ስትደርስ ሊፍቱ ቆሟል። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ሆኗል። ሲሊንደሩን ተሸክማ አራት ፎቅ ወጣች፤ ሦስተኛው ላይ ለቅሶው ተሰማት።

በሩ ክፍት ነበር። ጎረቤቶች ቆመዋል። ጋሼ ኪሩቤል መስኮቱ አጠገብ አልነበሩም። ኮሪደሩ ውስጥ፣ የግድግዳው ባትሪ ሥር ነበሩ። የባትሪውን ክዳን ፈትተውታል። ከአራቱ ብሎኖች ሦስቱ በሥርዓት ተደርድረው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ አራተኛው ገና ግማሽ ነው፤ መፍቻው በቀኝ እጃቸው አለ። ብልሽት መስሏቸው ነበር። ስድስት ሰዓት ይይዛል ያሉት ባትሪ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ሲከዳቸው ተበላሽቷል ብለው፣ ትንፋሽ ሳይኖራቸው ከወንበራቸው ተነስተው ሊጠግኑት ሄደው ነበር።

እትዬ ሶልያና የባላቸውን እግር ይዘው «መድኃኒት ልገዛ ነው የወጣሁት፤ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ባትሪ አለው ብዬ ነው» ይሉ ነበር፤ ደጋግመው፣ ለሚሰማውም ለማይሰማውም።

መብራቱ በተቆረጠ በሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃው መጣ። ማሽኑ ማንም ሳይነካው ተነሳና ባዶው ወንበር አጠገብ መተንፈስ ጀመረ። አንድ ጎረቤት ሄዶ ነቀለው።

በዚያ ቀን ምሽት ዜና ላይ የመረቡ ኃላፊዎች ቀረቡ። ማዕበሉ ከትልቁ ጨለማ ወዲህ የመጣ ከባዱ ፈተና እንደነበር፣ መረቡ ግን እንዳልወደቀ፣ ከመቶ ቤት ዘጠና አራቱ አንድም ደቂቃ እንዳልተቋረጠበት ተናገሩ። የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነበር።

ዘምዘም በሠልስቱ ለቅሶ ደረሰች። ድንኳኑ ከሕንፃው በታች ተተክሏል። እትዬ ሶልያና ጥቁር ለብሰው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ባምላክ ከደሴ መጥቷል፤ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ የአባቱን ትከሻ የወረሰ ሰው ነው። ከእናቱ ራቅ ብሎ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጧል፤ ወደ እሳቸው አያይም። ምክንያቱን ዘምዘም አጠገቧ ከተቀመጠች ጎረቤት ሰማች። ልጁ የፊርማውን ቅጂ አግኝቷል። ወረቀቱ ላይ ባትሪው እንደማይታመን በግልጽ ተጽፏል፤ ከሥሩ የእናቱ ፊርማ አለ። እያወቀች ብቻውን ጥላው ወጣች ብሏል። ከቀብር ወዲህ አንድ ቃል አልተናገራትም።

ዘምዘም ለመሰናበት ጎንበስ ስትል እትዬ ሶልያና እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ በሹክሹክታ። «የባትሪውን ነገር ነግረሽን ነበር እንዴ? ወረቀቱ ነግራችኋለች ይላል። እኔ ደግሞ ምንም ትዝ አይለኝም። ነግረሽን ረስቼው ነው? አእምሮዬን አጣሁት እንዴ?»

ሰዎች ይመለከቱ ነበር። ባምላክም ከማዶ ይመለከት ነበር። ዘምዘም «እትዬ፣ ራስዎን አያስጨንቁ» አለች። ከዚያ ጉልበታቸውን ስማ ወጣች።

በማግስቱ ለአለቃዋ ለወይዘሮ ትርሲት ነገረቻት። ትርሲት ክፉ ሴት አይደለችም፤ በሥራ ብዛት የደከመች ሴት ናት። እስከ መጨረሻው ሰማቻት፤ ከዚያ ተነስታ የቢሮዋን በር ዘጋች።

«ፊርማው አለ፣ ዘምዘም። ፋይሉ ተዘግቷል።»

«ፊርማው ውሸት ነው። አልነገርኳቸውም። ሰውየው ስድስት ሰዓት ይይዘኛል ሲል ሰምቼ ዝም አልኩ።»

«ስሚኝ። ላለፉት ሦስት ዓመታት ከላይ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? ሰው ለምን ያስፈልጋል፣ ሰው ይረሳል፣ ማኅተሙን ሥርዓቱ ራሱ ያንሳው፣ ለቤተሰቡ መልእክት ይላክ ነው የሚሉት። እስካሁን አንድም ስህተት አልተመዘገበብንም ብዬ ነው የተከላከልኩት። አንቺ ይህን ከጻፍሽ በከተማው ማንም ሰው በር አያንኳኳም። ሰዎች በስልካቸው ያነቡታል፤ ብቻቸውን። እሱ ይሻላል?»

ዘምዘም በሩን ከፍታ ወጣች። ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሁሉንም ነገር ቃል በቃል ትናገራለች፤ ሰው እያለቀሰም ትናገራለች። አንዲት ሴት «ልብ የለሽም» አለቻት። አንድ ቀን ከቀጠና አሥራ አራት ሁለተኛ ፎቅ ሀያት ደወለችላት፤ ልጅቷ ከሙቀት ሣጥኑ ወጥታለች፣ ጡት ይዛለች፣ ማኅተሙ ለሌላ ሰው ይሁን አለች። ደስታዋ ድምፅዋን ይሰብረው ነበር። ቦታውን የለቀቀላት ሰው ማን እንደሆነ ጠየቀች፤ ላመስግነው ነበር አለች። ዘምዘም አይነገርም አለቻት።

እንቅልፍ አልወሰዳትም ማለት አይቻልም፤ ይወስዳታል። የሚያስቸግራት ቀኑ ነበር። ሰው ሲያነጋግራት «ነግረሽን ረስቼው ነው?» የሚለው ከሌላው ሰው ቃል ጋር ተደርቦ ይሰማታል። ሽማግሌውን ከአሁን ወዲያ ማንም አይመልሳቸውም። አንዲት አሮጊት ግን በዚህ ሰዓት ቤታቸው ተቀምጠው የገዛ አእምሯቸውን እየበረበሩ ነው፤ እዚያ ያልነበረ ነገር እየፈለጉ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቦርሳዋን ሳትይዝ አራተኛ ፎቅ ወጣች። በዚህ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያንኳኳችው።

የከፈተላት ባምላክ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ካርቶኖች ተደርድረዋል፤ የአባቱን ዕቃ ሊወስድ መጥቷል። እትዬ ሶልያና መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ፤ ከስተዋል። ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ሁለት ተከራይ ነበሩ።

«ምን ፈለግሽ?» አላት ባምላክ።

«ከእናትህ ጋር የማወራው አለ። አንተም ብትሰማ ደስ ይለኛል።»

ተቀመጪ ያላት የለም። ቆማ ተናገረች።

«እትዬ፣ በሠልስቱ የጠየቁኝን ሳልመልስልዎ ሄጄ ነበር። አልረሱም። አልነገርኳችሁም። ጋሼ ኪሩቤል ባትሪው ስድስት ሰዓት ይይዘኛል ሲሉ፣ እንደማይዛቸው አውቅ ነበር። እርስዎ እያለቀሱ ነበር፤ እሱን ሲሰሙ ተረጋጉ። ያንን ማፍረስ አቃተኝና ዝም አልኩ። በኋላ እነግራለሁ ብዬ ሳልነግር ቀረሁ። ከዚያ ተነግሮናል ብላችሁ እንድትፈርሙ አደረግሁ። ሲሊንደር ውሰዱ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። እርስዎ ጥፋት የለብዎትም። አእምሮዎም ደህና ነው።»

ምስሩ ከሰፌዱ ላይ እየተንሸራተተ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ማንም አላነሳውም።

ባምላክ ወደ እሷ መጣ። ይመታኛል ብላ አሰበች፤ እጇንም አላነሳችም። አጠገቧ ሲደርስ ግን ቆመ። ፊቱ ግራ እንደተጋባ ሕፃን ፊት ነበር።

«ወረቀቱስ?» አለ። «ወረቀቱ ላይ እኮ...»

«ወረቀቱ ስለ ባትሪው የሚለው ትክክል ነው። እኔ ነኝ ያልተናገርኩት።»

«ይህን በጽሑፍ ትሰጪኛለሽ?»

«እሰጥሃለሁ።»

ከካርቶኖቹ አንዱን ከፍቶ የአባቱን የሥራ ደብተር አወጣ፤ ከኋላው አንድ ባዶ ገጽ ገነጠለላት። ዘምዘም ካርቶኑን ጠረጴዛ አድርጋ፣ በርከክ ብላ፣ ሁሉንም ጻፈች፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ጋሼ ኪሩቤል ያሉትን፣ እሷ ያላለችውን። ስሟን ጽፋ ፈረመች። ሰኞ ይህ ወረቀት ቢሮ እንደሚደርስ፣ ትርሲት ያለችውም ሁሉ እንደሚሆን ታውቃለች። በዚህች ከተማ ከዚህ በኋላ ማኅተም የሚነሳበት ቤት በር አይንኳኳም። እሷ ናት ያመጣችው፤ ይህንንም ተሸክማው ትኖራለች።

ባምላክ አነበበው። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ወረቀቱን ካርቶኑ ላይ አስቀመጠና ወደ እናቱ ሄደ። ምስሩ ላይ እየረገጠ ነበር የሄደው። ፊታቸው ሲደርስ ተንበረከከ።

«እማ» አለ።

እትዬ ሶልያና ወደ እሱ አልዞሩም። ከመስኮቱ ውጭ ነበር የሚመለከቱት።

«እኔ እኮ ነግሬህ ነበር» አሉ። «አልተነገረንም ብዬህ ነበር። አላመንከኝም።»

«አላመንኩሽም።»

«እኔም ራሴን አላመንኩም።» እጃቸውን የልጃቸው ራስ ላይ አኖሩ፤ እሱም ግንባሩን ጉልበታቸው ላይ ደፋ። እናትየው የባላቸውን ስም አንድ ጊዜ ጠሩ፤ ለቅሶ ላይ እንደሚጠራው ሳይሆን፣ ከሌላ ክፍል ሰው እንደሚጠሩ።

ዘምዘም በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። እትዬ ሶልያና ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ይቅርታም አልነበረም።

«ስለ ነገርሽኝ እግዜር ይስጥሽ» አሉ። «አሁን ግን ሂጂልኝ፣ ልጄ። ዳግም ፊትሽን ማየት አልችልም።»

ዘምዘም ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። በሩን ቀስ አድርጋ ከኋላዋ ዘጋችው። ሊፍቱ ይሠራ ነበር፤ እሷ ግን በእግሯ ወረደች፤ በእያንዳንዱ ፎቅ ላይ እየቆመች፣ የደረጃውን ብረት ይዛ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ እየጠበቀች።